የሳጥኑ ቀን

ኑ እስቲ፣ ቀረብ በሉና ተቀመጡ። ወንበር ያልደረሰው አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጥ፤ የማወራላችሁ ነገር ቆሞ የሚሰማ አይደለም። ስለዚያ የሳል ወረርሽኝ ነው። ስለ ሕመሙ ስንቱ አውርቶታል። እኔ የማወራችሁ ሕመሙ ጋብ ካለ በኋላ ስለመጣው ነው፤ ከሳሉ ይልቅ ሆድ ስለሚያገላብጠው።

አንዲት ሴት ነበረች። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ «እትዬ በረዶ» ይሏታል። ጸባይዋ ቀዝቃዛ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም ሳቂታ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የአንድ ትልቅ ላቦራቶሪ ማቀዝቀዣ ክፍል ኃላፊ ስለነበረች ነው። ክፍሉ ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም። ሰባት ቁመታም ማቀዝቀዣዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቀን ከሌት ያጉረመርማሉ። በራቸው ሲከፈት ነጭ ጉም ወጥቶ ጉልበቷን ይከባታል። ሁለት ጓንት ደርባም እጇ በጋ ከክረምት ይሰነጠቃል፤ ቅባት ከቀሚሷ ኪስ አይጠፋም። ከየሆስፒታሉና ከየእርሻው የተሰበሰበ ደምና አክታ የትንሽ ጣት ጫፍ በምታክል ብልቃጥ ይመጣላታል። እሷ ቁጥር ትሰጣለች፣ ሳጥን ውስጥ ትሰካለች፣ መዝገብ ላይ ትጽፋለች።

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉልኝ፤ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነው። ብልቃጢቱ በጣም ትንሽ ስለሆነች ከቁጥር በቀር ምንም አይጻፍባትም። ቀን የሚጻፈው ሳጥኑ ክዳን ላይ ነው፤ ያውም ሳጥኑ መጀመሪያ የተከፈተበት ቀን። አንድ ሳጥን መቶ ቀዳዳ አለው። ስድሳው ሞልቶ አርባው ባዶ ከቀረ፣ ከወራት በኋላ የመጣ ናሙና እዚያው ባዶ ቀዳዳ ላይ ይሰካል፤ የማቀዝቀዣ ቦታ እንደ ወርቅ ነዋ። መዝገቡ ላይም የሚሰፍረው የሳጥኑ ቀን ነው። ናሙናው በእርግጥ የተወሰደበት ቀን ከሆስፒታሉ በሚመጣው ወረቀት ላይ አለ፤ ወረቀቱም በፋይል ይቀመጣል። አንድ ተመራማሪ ወርዶ «እትዬ፣ ይቺ መቼ መጣች?» ሲላት ፋይሏን ገልጣ ትነግረዋለች። ሁሉም ያውቀዋል፤ ማንም ግን የትም አልጻፈውም። እጅ የለመደውን ማን ይጽፋል?

በኋላ ዘመን መጣና መዝገቡ በየሳምንቱ ኮምፒውተር ላይ ይገልበጥ ተባለ። የተቀጠረችው ጸሐፊ ደግሞ ጠንቃቃ ነበረች። ከያንዳንዱ ብልቃጥ ቁጥር ጎን «ቀን» የሚል ዓምድ አለ፤ መዝገቡ ላይ ያየችውን ቀን አንድ በአንድ አሰፈረች። ምን ታድርግ? ሳጥኑን አላየች፣ ማንም አልነገራት።

እትዬ በረዶ ታናሽ ወንድም ነበራት። ገበያው ውስጥ ጥንቸልና ዳክዬ ይሸጣል፤ ሰው ሁሉ «ጥንቸሌ» ይለዋል። ቀልደኛ ነው። ሕፃን ይዛ የመጣች እናት ሁሉ ሳትገዛ አትሄድም፤ ጥንቸሉን በሕፃኑ ጆሮ ሹክ ያስብለዋል። ሳሉ ሲጀምር መጀመሪያ የወደቁት ሦስቱ ሰዎች የዚያ የእንስሳ ተራ ሰዎች ሆኑ። በሳምንቱ የላቦራቶሪው ዳይሬክተር ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ፣ «ሕመሙ ከእንስሳት ወደ ሰው የተሻገረው እዚያ ተራ ላይ ነው፤ ጥርጥር የለውም» አለ። ጥርጥር ግን ነበረው። እትዬ በረዶ ያን ዕለት ጠዋት ደረጃው ላይ አግኝታው፣ «ታወቀ እንዴ ጌታዬ?» ብትለው፣ «ገና ነው እትዬ፣ ብዙ ይቀረናል» ብሏት ነበር።

ከዚያማ ምኑን ልንገራችሁ። ነጭ የለበሱ ሰዎች መጥተው ጥንቸሎቹን በከረጢት እያፈሱ ጉድጓድ ውስጥ ከተቱ፤ ከነነፍሳቸው ኖራ አፈሰሱባቸው። የሰፈሩ ባለ ሱቅ ጥንቸሌ ሳሙና ሲገዛ ዕቃውን በመጥረጊያ እንጨት ይገፋለት ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት የጥንቸሌ ሚስት ታመመች፤ ሆስፒታል በገባች በዘጠነኛው ቀን አረፈች። አራት ሰው ቀበራት። «የገዛ ሚስቱን ገደለ» ብለው በሩ ላይ በከሰል ጻፉበት። እህቱ አይታ ዝም አላለችም፤ ፍራሹን በራሷ ተሸክማ ቤቷ አመጣችው። ከዚያ ወዲያ ያ ተጫዋች ሰው ቀን ላይ ከደጅ አይወጣም፤ ከወጣም ኮፍያውን ቅንድቡ ላይ ደፍቶ ነው።

ዓመት ሊሞላ ሲል ነገሩ ተገለበጠ። አንድ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የላቦራቶሪውን የኮምፒውተር ሠንጠረዥ ከየትም አግኝቶ ቴሌቪዥን ላይ ወጣ። እህትና ወንድም አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ያዩታል።

«ይኸውላችሁ» አለ ፕሮፌሰሩ፣ ወረቀቱን ወደ ካሜራው እያስጠጋ። «ሳጥን አሥራ አራት፣ ብልቃጥ ስድሳ አንድ። ውስጧ ያለው ያው ገዳዩ ቫይረስ ነው። ቀኑን እዩት። ገበያው ውስጥ አንድም ሰው ሳይስል፣ አራት ወር ቀድሞ እነሱ ምድር ቤት ነበር። ጥርጥር የለውም።»

ጥንቸሌ ከሶፋው ተነሣ። አፉ ተከፍቶ ቀረ። «ሰማሽ እትዬ? እኔ አይደለሁም። ጥንቸሎቼም አይደሉም።» ቀጥሎ ፊቷን አየና ደነገጠ። «ይቅር በይኝ፤ መሥሪያ ቤትሽ ነው፣ እሱ ያሳዝናል። ግን እኔ አይደለሁም እኮ።»

እሷ ወደ ማድ ቤት ሄዳ የዕቃ ማጠቢያውን ገንዳ በሁለት እጇ ያዘችና ያላትን ሁሉ አስመለሰች።

ሳጥን አሥራ አራትን ታውቀዋለች። ብልቃጥ ስድሳ አንድንም ታውቃታለች። ሕመሙ በባሰበት ወር፣ ዶፍ በሚወርድበት አንድ ከሰዓት፣ ሾፌሩ የሆስፒታል ናሙና የያዘ ቦርሳ አምጥቶላት ነበር። ወረቀቶቹን ስታገላብጥ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ የምታውቀው ስም አየች፤ የወንድሟ ሚስት ስም። ከጉሮሮዋ የተወሰደ ናሙና ነው። ሴትዮዋ ያኔ በሕይወት አለች፣ አምስተኛ ቀኗ ነው። አዲስ ሳጥን ያን ሰሞን አልቆ ስለነበር እትዬ በረዶ አሮጌዎቹን ከፍታ ባዶ ቀዳዳ ፈለገች፤ አሥራ አራተኛው ላይ አገኘች። ብልቃጧን ስትሰካት «እዚህ ደህና ትሆኛለሽ» ብላታለች፤ ሰው አልሰማትም። መዝገቡ ላይ እንደ ልማዷ የሳጥኑን ቀን ጻፈች። ወረቀቱስ? ያን ሰሞን ከሆስፒታል የመጣ ወረቀት ሁሉ ሕመም ያስተላልፋል ተብሎ በትእዛዝ ይቃጠል ነበር። ተቃጠለ። የቀረው የሷ ትዝታ ብቻ ነው።

የሟች ምራቅ እንደ ባንዲራ ሲውለበለብ አያችሁልኝ? እሷን ያስመለሳት ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት የሰፈሩ ፊት ተለወጠ። ያ ባለ ሱቅ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ጥንቸሌ፣ እኔ እኮ ድሮም አላመንኩም» አለው። ሳሙናውንም በእጁ አቀበለው። በሩ ላይ የተጻፈውን ከሰል የጻፉት ሰዎች ራሳቸው መጥተው አጠቡለት። ጥንቸሌ በጠራራ ፀሐይ ወጥቶ ጸጉሩን ተስተካከለ። የገበያው አስተዳደር ተራውን መልሶ ሊከፍትለት ፈቃድ ሰጠው። በሌላ በኩል የላቦራቶሪው አውቶቡስ መስታወት በድንጋይ ረገፈ። የግቢው ዘበኛ እትዬ በረዶን በር ላይ አስቁሞ፣ «ዓምና ስስል ሦስት ሰው ከፊቴ ሮጠ፤ ትናንት ዩኒፎርሜን አይቶ መንደሩ በሙሉ ሮጠ» አላት። «ምን እንደሚሠራ የማይታወቅ መሥሪያ ቤት ነው ይሉናል፤ ይኸው ሯጭ እያፈራን ነው በሏቸው።» ሌላ ጊዜ ብትሆን በሳቅ ትፈርስ ነበር።

ደረጃውን ወጥታ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባች። የሳጥኑን ነገር፣ የዝናቡን ቀን፣ ሁሉንም ነገረችው። የማን ናሙና እንደሆነ ብቻ አልነገረችውም፤ «በደንብ አስታውሳታለሁ» አለችው። ዳይሬክተሩ መጀመሪያ ፊቱ በራ። ቀጥሎ ጠቆረ። ጠረጴዛው ላይ ካለው ጠርሙስ የእጅ ማጽጃ ጨመቀና መዳፎቹን ማሸት ጀመረ። ባወራ ቁጥር ያሻል፤ ሽታው ቢሮውን ሞላው።

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። አዳኑን። ግን እንዲህ ብለን አንናገረውም።»

«እንዴት ብለን ነው የምንናገረው?»

«መዝገቡ ላይ ያለው የሳጥኑ ቀን ነው ካልን፣ የሃያ ዓመት ጥናታችን ሁሉ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ስንት ጽሑፍ አሳትመናል በዚያ ቀን። ስለዚህ ጸሐፊዋ ስትገለብጥ ተሳስታለች ይበሉ። አንድ ቁጥር ነው፤ ሰው ይሳሳታል።»

«እሷ እኮ አልተሳሳተችም።»

«ሥራ ቀይራለች፤ እዚህ የለችም። ምንም አይደርስባትም።»

«ስሟ ይደርስበታል» አለች እትዬ በረዶ። ዳይሬክተሩ እንደገና ጠርሙሱን ጨመቀ። ሃያ ሁለት ዓመት ያከበረችው ሰው ነው። ያን ቀን ግን እጁን ሲዘረጋላት ለመጨበጥ ጣቶቿ እንቢ አሏት፤ ጓንቷን እንደማጥለቅ አድርጋ ወጣች።

መንግሥት አጣሪ ኮሚቴ አቋቁሞ ነበር። የምስክሮች ዝርዝር ሲለጠፍ የሷም ስም አለበት። በማግሥቱ ከሰዓት ፕሮፌሰሩ ራሱ ከነፎቶ አንሺው ቤቷ መጣ። የተወለወለ ጫማ፣ ለስላሳ ድምፅ። የጥንቸሌን እጅ በሁለት እጁ ይዞ አልለቅም አለ።

«እኔ የምታገለው ለእናንተ ነው። በድሃ ላይ የተላከከ ኃጢአት ነው ይሄ።»

«ተባረክ ጌታዬ» አለ ጥንቸሌ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። የውነቱን ነው ያመሰገነው።

ፕሮፌሰሩ ወደ እትዬ በረዶ ዞረ። «የኔ እናት፣ እነዚያ ሰዎች ቀኑ ስህተት ነው እንዲሉላቸው እንደሚፈልጉ ሰምቻለሁ። ዋሹ አልልዎትም። በዚህ ዕድሜ አንዲት ብልቃጥ ትዝ አትለኝም ቢሉ ግን ማን ይፈርድብዎታል?»

«ትዝ ብትለኝስ?»

«ወንድምዎን ይዩዋቸው» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አሁን ነው ሰው የሆኑት።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያ ቀን ስህተት ሆኖ ቢገኝ ምን ይላሉ?»

ትንሽ አሰበ። ፈገግ አለ። «ቀኑ ቢሳሳት እንኳ አቅጣጫው አልተሳሳተም።»

ይህን ሲባባሉ ፎቶ አንሺው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሟቿን ፎቶግራፍ አውርዶ፣ በእጅጌው አቧራውን ጠርጎ፣ ጥንቸሌን «ደረትዎ ላይ ይያዙልኝ፣ ወደ መስኮቱ፣ ብርሃኑ ያምራል» እያለው ነበር። እትዬ በረዶ ተነሣች። ፎቶግራፉን ከፎቶ አንሺው እጅ ተቀብላ ቦታው ላይ መልሳ ሰቀለችው። ጠመም ያለውን በጣቷ አቃናች። «በሩ ከዚህ ነው» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ሲሄዱ የተቀመጡበትን ወንበር በሳሙና አጠበችው።

ምስክርነቱ ሁለት ቀን ሲቀረው ጓሮ ወጣች። ጥንቸሌ ቁምጣውን ለብሶ፣ ሽቦ በፒንሳ እያጠፈ አዲስ የጥንቸል ቤት ይሠራል፤ እያፏጨ። ያፏጨበት ጊዜ ራሱ ተረስቷት ነበር።

«የምነግርህ አለኝ። ፒንሳውን አስቀምጠው።»

«እየሠራሁ እሰማለሁ።»

«አስቀምጠው አልኩህ አንተ።»

አስቀመጠው። ነገረችው። ስትጨርስ ሽቦውን እያየ ጠየቃት።

«የሷ ነው?»

«የሷ ነው።»

«ያ እጄን ይዞ የነበረ ሰውዬ በየቴሌቪዥኑ የሚያወዛውዛት?»

«እሷን ነው። አያውቅም።»

«ከፍተዋታል?»

«ከፍተዋታል። ከፊሉን ለምርመራ ሦስት አገር ልከውታል።»

ጥንቸሌ ምራቁን መሬት ላይ እንትፍ አለ። ከዚያ እጁን ቁምጣው ላይ ጠረገ፣ ደጋግሞ። «ይሄን የሚያውቀው ማነው?»

«እኔ ብቻ።»

«አንድ ሰው ዝም ቢል ምን ይጎድላል እትዬ? አንድ ሰው እኮ ነሽ።»

«ምንም ላይጎድል ይችላል።»

«ታዲያ?»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሰው መጥቶ ይቺ መቼ መጣች ሲለኝ ዋሽቼ አላውቅም። በሷ ልጀምር?»

እሷ ጎኑ ቁጢጥ አለች። «ከጥንቸሎችህ መጣ አልልም። ከየት እንደመጣ አላውቅም። ብልቃጧ ግን ላቦራቶሪውንም አትከስስም፣ አንተንም አታድንም። እሱን ነው የምለው።»

«እሱን ማን ይሰማል? አንዱ ደጅ ሲዘጋባቸው ሌላው ደጅ ነው የሚጎርፉት፤ እኔ ደጅ። ባለ ሱቁ እንጨቱን አልጣለውም እኮ፣ ጥግ ነው ያስደገፈው። አይቼዋለሁ።»

«እኔም አይቼዋለሁ» አለች። ጭንቅላቱን ወደ ትከሻዋ ሳበችው፤ ሕፃን ሳለ እንደምታደርገው። ላቡ ሽቦ ሽቦ ይሸታል።

ቀና ሲል እንዲህ አላት፦ «ተናገሪ እሺ። ግን ስሟን አፋቸው ውስጥ እንዳታስገቢ። የሷ መሆኑን አትናገሪ። የቀረኝ እሱ ነው።»

ቃል ገባችለት።

አዳራሹ ጢም ብሏል። በቀኝ በኩል የዳይሬክተሩ ወገን፣ በግራ የፕሮፌሰሩ፤ ማይክራፎኑ ደግሞ ያፏጫል። ሰብሳቢዋ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ ሽበታም፣ ድካም የሚታይባቸው ሴት። ከእትዬ በረዶ በፊት ዳይሬክተሩና ፕሮፌሰሩ ሁለት ሰዓት ተናገሩ። አንዱ ሲናገር የሌላው ወገን ይስቃል፤ የራሱ ያጨበጭባል። የሞተ ሰው ያለ አይመስልም። ኳስ ሜዳ ነው የሚመስለው። ሁለቱም «ጥርጥር የለውም» የሚለውን ስንት ጊዜ እንዳሉት እሷ በጣቷ ስትቆጥር ቆየች፤ ጣቷ አለቀ።

ተራዋ ደረሰ። የሳጥኑን ሥራ አስረዳች፤ ቀዳዳውን፣ ክዳኑን፣ መዝገቡን። «ያ ቀን የሳጥኑ ነው እንጂ የናሙናዋ አይደለም። ናሙናዋ የመጣችው ገበያው ከተያዘ በኋላ ነው። ጸሐፊዋ አልተሳሳተችም፤ መዝገቡ ላይ ያለውን ነው የገለበጠችው። እንዲህ የምንሠራው ሁላችንም ነን፤ እኔም፣ አለቆቼም።»

ዳይሬክተሩ ጣሪያውን አየ። ፕሮፌሰሩ ተነሣ።

«በእጅዎ ስንት ብልቃጥ አልፏል የኔ እናት?»

«አልቆጠርኩትም። ከመቶ ሺህ ይበልጣል።»

«ከመቶ ሺህ ውስጥ ይቺን አንዲቷን አስታወሱ?»

«አስታወስኩ።»

«ስለምን?»

እትዬ በረዶ አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው። ከግራ በኩል ሳቅ ተሰማ። «ማን አስጠናዎት?» አለ ፕሮፌሰሩ፤ አሁን ድምፁ ለስላሳ አይደለም። ሳቁ ወደ ቀኝም ተሻገረ። የዳይሬክተሩ ሰዎችም እኮ ሳቁባት፤ መዝገባቸውን ስላዋረደች።

«ምክንያትዎን ይንገሩን እመት» አሉ ሰብሳቢዋ። «ካልነገሩን ቃልዎን ልንይዘው አንችልም።»

«ልናገር አልችልም።»

ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ተነሣ። ኮፍያውን አወለቀ። ያመጣችው እሷ አይደለችም፤ መምጣቱንም አላወቀችም።

«የሚስቴ ናት» አለ ጥንቸሌ። «ብልቃጧ ውስጥ ያለችው ሚስቴ ናት። እህቴ በገዛ እጇ ነው የሰካቻት፤ ለዚያ ነው የማትረሳት። ስሟን አትናገሪ ያልኳት እኔ ነኝ። እናንተ የምትስቁባት ለኔ ብላ ነው።»

ከዚያ ካሜራዎቹ ሁሉ እንደ ዝንብ ተነሥተው እሱ ላይ ሰፈሩ። ፕሮፌሰሩ፣ ያ «ለእናንተ ነው የምታገለው» ያለው ሰውዬ፣ «የገበያ ሰው ዘመድ ናሙና ስትነካካ እንደነበር ይመዝገብልኝ» አለ። ዳይሬክተሩ ደግሞ ፈገግ ብሎ፣ «ይኸው፣ ከገበያው እንደመጣ በራሳቸው አንደበት» ብሎ ከኪሱ ትንሿን ጠርሙስ አወጣ። መዳፉን ሲያሽ ድምፁ በማይክራፎኑ ተሰማ።

ሰብሳቢዋ ጠረጴዛውን መቱና እትዬ በረዶን አዩ። «እንግዲህ ሕመሙ ከየት መጣ ይላሉ?»

«አላውቅም እመቤቴ።»

«ግምትዎን።»

«ግምቴን ሳጥን ውስጥ አልሰካም።» ይህን ብላ ወረደች። ወንድሟን ክንዱን ይዛ ሰዉን እየገፋች ወጣች። መንገድ ላይ እሱ «አንቺን ሲስቁብሽ አልቻልኩም» አላት።

በማግሥቱ አንዱ ጋዜጣ «ላቦራቶሪው መዝገቡን ሲያዛባ መኖሩ ተጋለጠ» ብሎ ጻፈ። ሌላው «የእንስሳ ነጋዴው አመነ» አለ። የሚስቱ ስም በሁለቱም ላይ አለ፤ በትልልቅ ፊደል። እትዬ በረዶ «አላውቅም» ያለችውን ማንም አልጻፈውም፤ ለማን ይጠቅማል? አዲሱ የሽቦ ቤት ላይ የሞተ አይጥ ጣሉበት። ፈቃዱም «ለጊዜው» ተባለና ታጠፈ። ዳይሬክተሩ ከፍ ወዳለ ወንበር ተሾመ። ፕሮፌሰሩ መጽሐፍ አሳተመ፤ የሽፋኑ ሥዕል ብልቃጥ ነው። ኮሚቴው በሁለት ዓመቱ ሦስት መቶ ገጽ አወጣ። መጨረሻው ገጽ ላይ ሕመሙ ከየት እንደመጣ በእጃችን ባለው ማስረጃ ሊረጋገጥ አልቻለም ይላል። ያቺ ሴት በአንድ ቃል የተናገረችውን። ያነበበው ሰው ግን ጥቂት ነው፤ እስከዚያ ሰዉ ሁሉንም መጥላት ለምዶ ነበር። ቀጣዩን ክትባት ውሰዱ ሲባል ግማሹ ሰፈር ቤቱን ዘጋ። በማን ይፈረዳል? እኔ በሰዉ አልፈርድም።

ጥንቸሌ ግን አልተደበቀም። በዚያው ሳምንት በጠራራ ፀሐይ፣ ያለ ኮፍያ፣ ሱቅ ሄደ። ባለ ሱቁ ጥግ ወዳስደገፈው እንጨት እጁን ሰደደ። ጥንቸሌ ጫፉን ያዘለት። «ተወው ወንድሜ፣ ይከብድሃል» አለና ሳሙናውን ራሱ አንሥቶ ሄደ። በየቀኑም እንዲሁ አደረገ፤ አንድ ቀን እንጨቱ ከጥግ እስኪጠፋ ድረስ።

እትዬ በረዶም ምድር ቤቷ ተመለሰች። ከብልቃጧ የተረፈው ሲመለስላት ቀዳዳዋ ላይ መልሳ ሰካቻት። ቀጥላ እርሳስ ቀረጸችና ሰባቱን ማቀዝቀዣ አንድ በአንድ ከፈተች። እጇ እየደማ፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ በየሳጥኑ ክዳን፣ ከቀኑ ሥር፣ አንዲት መስመር ጻፈች፦ «ይህ ቀን የሳጥኑ ነው።» አዲሱ አለቃ ወርዶ «ማን አዘዘሽ?» ቢላት፣ «ማንም አላዘዘኝም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሳልጽፈው የቆየሁት ነው» አለችው። የራሷ ጥፋት የቱ ጋ እንደሆነ እሷ ታውቅ ነበር፤ ከሁሉም መሐል ጥፋቴ ይህ ነው ያለች ሰው እሷ ብቻ ናት።

በሉ፣ ጀርባችሁም ደከመ። አንዲት ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ነገ አንዱ መጥቶ ወረቀት እያወዛወዘ «ጥርጥር የለውም» ሲላችሁ፣ ያቺን እጇ የተሰነጠቀ ሴት አስታውሱልኝ። ወንድሟን እየወደደች፣ ሰው እየሳቀባት፣ ያየችውን ብቻ ተናግራ ያላየችውን «አላውቅም» ያለችውን። እባካችሁ፣ እሷን አትርሱብኝ።